ከምሕዋሯ የወጣች ፕላኔት ምን በደለች?

ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ተጠቃሚው ፀሐይን፣ ፕላኔቶችንና ጨረቃዎችን በስክሪኑ ላይ ያስቀምጣል፤ የእያንዳንዳቸውን መጠነ ቁስ፣ ፍጥነትና ርቀት እንደፈለገ ይለዋውጣል፤ የቀረውን ስበት ይሠራዋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚሞክረው ማፍረስን ነው፤ ጁፒተርን ከምድር አጠገብ ማምጣት፣ ጨረቃን መሰባበር፣ ፀሐይን ከነአካቴው መሰረዝ። ከዚህ ሁሉ ግርግር ይልቅ የሚያስተምረው አንድ ጸጥ ያለ ሙከራ ነው፤ የፀሐይን መጠነ ቁስ በቅጽበት በግማሽ መቀነስ። ምድር በምሕዋሯ ላይ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ይህ ፍጥነት ሙሉዋን ፀሐይ ለመዞር የተመጠነ ሲሆን፣ ግማሽ ፀሐይን ግን ጥሎ ለመሄድ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ለእኩል ነው። ስለዚህ ውጤቱ የሚወሰነው ሙከራው በተደረገበት ወቅት ይሆናል። ምድር ወደ ፀሐይ አብልጣ የምትቀርበው በገና ሰሞን፣ በታኅሣሥ መገባደጃ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቂት ትፈጥናለችና ፀሐይ በግማሽ ብትጎድል ምድር ላትመለስ ትሄዳለች። አብልጣ የምትርቀው በሰኔ መገባደጃ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቂት ትዘገያለችና፣ ሌሎቹ ፕላኔቶች ካልረበሿት፣ ከኔፕቱን ወዲያ ተጉዛ ከ200 ዓመት በላይ ቆይታ ትመለሳለች።

በሁለቱም ሙከራዎች የስበት ሕግ ቅንጣት አልተነካም። ላትመለስ የሄደችው ምድር ከምትመለሰዋ ያነሰች ታዛዥ አይደለችም፤ ሁለቱም በእያንዳንዱ ቅጽበት የታዘዙትን ያንኑ ፈጽመዋል። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ለሃይማኖት አስተሳሰብ ግን መዘዙ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም የሰማይ ሥርዓት የፈጣሪ ምስክር ሆኖ ሲጠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ምስክርነቱ ያረፈው ሕጉ ሥርዓቱን ይጠብቃል በሚል እምነት ላይ ነበር። ፈጣሪ የለም ያሉትም የቆሙት እዚያው ላይ ነው፤ ሕጉ ከጠበቀ ሌላ ጠባቂ ለምን ያስፈልጋል ብለው ነውና የተከራከሩት። እኔ የምለው ሁለቱም ወገኖች ሕግ የማይሠራውን ሥራ ለሕግ ሰጥተውታል ነው። የስበት ሕግ ዓለምን አይጠብቅም። መኖሯንም መጥፋቷንም በእኩል ትጋት ያስፈጽማል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሕጉ የማይናገረው ነገር ነው፤ ማን ከየት፣ በምን ፍጥነት፣ ከማን አጠገብ ተነሣ የሚለው። የሃይማኖት ጥያቄ መነሣት ያለበት እዚያ ነው፤ ሲነሣም በማስረጃ የሚዘጋ ጥያቄ አይሆንም።

ጥንታዊው አሳብ እንደ መጽሐፈ ሄኖክ ጥርት ብሎ የተገለጸበት ቦታ ጥቂት ነው። መጽሐፉ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ባለው ክፍል መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ በሮች፣ የቀኑንና የሌሊቱን መርዘምና ማጠር፣ የ364 ቀኑን ዓመት ያሳየዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ምዕራፎች ደግሞ ሄኖክ የታሰሩ ሰባት ከዋክብትን ያያል፤ ጥፋታቸው በጊዜያቸው ሳይወጡ መቅረታቸው ነው። በምዕራፍ 80 በኃጢአተኞች ዘመን የብርሃናቱ ሥርዓት እንደሚናጋ ይነገራል። ይህን ተረት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚያልፈው ሰው ግን በውስጡ ያለውን ጠንካራ አሳብ ሳያየው ይቀራል። በመስመር መሄድ መታዘዝ ነው፤ ከመስመር መውጣት ዓመፅ ነው፤ ሰማይ ሥርዓቱን የያዘው በባሕርዩ ሳይሆን በታማኝነት ነው። ባሕረ ሐሳብም በዚሁ መተማመን ላይ የቆመ ነው። በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጨረቃዎች እንደሚገቡ፣ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ዑደቶቹ ሁሉ ወደ መነሻቸው እንደሚመለሱ ቆጥሮ ፋሲካን የሚያወጣ ሊቅ፣ ሰማይ ነገ እንዳይከዳው አይሠጋም። አይከዳውምም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ጨረቃ ፀሐይን የቀለበት ቅርጽ ብቻ አስቀርታ ስትጋርዳት ሰዓቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። በሰው ዕድሜና በመንግሥታት ዕድሜ ሲለካ ሰማይ ቃሉን ይጠብቃል።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 የስበትን ሕግ ባሳተመ ጊዜ ይህን መተማመን ወደ ሒሳብ የለወጠው ይመስላል (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን የሕጉን ክፍተት ከተከታዮቹ ሁሉ ቀድሞ ያየው እሱ ራሱ ነው። የምትስበው ፀሐይ ብቻ አይደለችም፤ ፕላኔቶቹም እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ። እያንዳንዱ ጉተታ ኢምንት ቢሆንም ለዘመናት ሲጠራቀም ወዴት እንደሚያመራ ኒውተን ማስላት አልቻለም። “ኦፕቲክስ” በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ካሰፈራቸው ጥያቄዎች በአንዱ፣ መዛነፉ እያደገ ሄዶ ሥርዓቱ መታደስ ወደሚያስፈልግበት ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ጻፈ። አዳሹ ማን እንደሆነ ለአንባቢዎቹ አልተሰወረም። ፈላስፋው ላይብኒትዝ በ1715 ለዌልስ ልዕልት ካሮላይን በላከው ደብዳቤ በዚህ ተሳለቀ፤ የኒውተን ተከታዮች አምላክ ሰዓቱን በየጊዜው ካልሞላና ካልጠገነ የሚቆምበት ደካማ ባለሙያ ነው አለ። የኒውተን ወዳጅ ቄስ ሳሙኤል ክላርክ ሲመልስ፣ ያለ ንጉሡ ክንድ በራሱ የሚሄድ መንግሥት ለንጉሡ የስም ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ልውውጡ ላይብኒትዝ በ1716 እስኪሞት ዘለቀ። በእኔ ግምት በስላቁ የበለጠው ላይብኒትዝ፣ በነገረ መለኮቱ የጠለቀው ክላርክ ነበር፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁ አለፉ። ሕጉ የተሠራው ሥርዓትን ለመጠበቅ መሆኑን ተስማምተው፣ የተለያዩት ብቻውን ይበቃል አይበቃም በሚለው ላይ ነው።

ከ70 ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ሕጉ ብቻውን ይበቃል አለ። የጥንትና የዘመኑ ምልከታዎች ሲነጻጸሩ ጁፒተር እየፈጠነች፣ ሳተርን እየዘገየች የምትሄድ ትመስል ነበር፤ ይህ ዝንባሌ ካልቆመ አንዷ ወደ ፀሐይ ልትቀርብ፣ ሌላዋ ልትርቅ ነው። ላፕላስ ምክንያቱን በሒሳብ አገኘው። ጁፒተር ፀሐይን 5 ጊዜ ስትዞር ሳተርን 2 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ስለዚህ ጉተታቸው በአንድ በኩል እየተደጋገመ ይጠራቀምና 900 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዑደት ተመልሶ ይቃናል። የመለኮት እጅ ይጠብቃል የተባለው መዛነፍ በራሱ ጊዜ የሚመለስ ሆኖ ተገኘ። ናፖሊዮን በመጽሐፉ ፈጣሪ ለምን እንዳልተጠቀሰ ሲጠይቀው ላፕላስ ያ መላምት አላስፈለገኝም ብሎ መለሰ የሚለው ዝነኛ ወሬ የሚነገረው ከዚህ ተያይዞ ነው። ወሬው እንደሚነገረው ይሁን አይሁን፣ የዘመኑን መንፈስ በትክክል ይዟል፤ የጠባቂነት ሹመት ከእግዚአብሔር ተነሥቶ ለሕግ ተሰጠ። ሹመቱ ራሱ ባዶ ወንበር ሊሆን እንደሚችል የጠረጠረ አልነበረም።

ጥርጣሬው የመጣው ከሽልማት ውድድር ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ንጉሥ በዳግማዊ ኦስካር 60ኛ ዓመት ልደት ምክንያት በተዘጋጀው ውድድር የሒሳብ ሊቁ አንሪ ፖዋንካሬ በ1889 ተሸለመ፤ የሠራበት ጥያቄ በስበት የሚሳሳቡ አካላት ለዘለዓለሙ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ የሚል ነበር። ጽሑፉ ለኅትመት ከበቃ በኋላ ከባድ ስሕተት ተገኘበት፤ ተሰብስቦ እንደገና እንዲታተም ፖዋንካሬ ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ከሽልማቱ ይበልጥ ነበር። ስሕተቱን ሲያርም ያገኘው ነገር ግን ለሽልማት ካቀረበው እጅግ የላቀ ነው። ሦስት አካላት ብቻ ሲሳሳቡ እንኳ መነሻቸው በኢምንት ቢለያይ መድረሻቸው ፈጽሞ ሊራራቅ ይችላል፤ ዛሬ ትርምስ የሚባለው ይህ ነው። ላፕላስ ያረጋገጠው መቃናት የሒሳቡን ትናንሽ ክፍሎች በመጣል የተገኘ ግምት ነበር፤ ለጥቂት ሺህ ዓመታት ይሠራል፤ ለዘለዓለም ዋስትና አይሰጥም። ፖዋንካሬ ይህን ያየው በብዕርና በወረቀት ነበር፤ እውነተኛው የፀሐይ ቤተሰብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ግን ሲሙሌሽን ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ መቶ ዓመት ወሰደ።

በ1988 ጄራልድ ሰስማንና ጃክ ዊዝደም ለዚሁ ሥራ ብቻ በተገነባ ኮምፒውተር የውጭዎቹን ፕላኔቶች ለ845 ሚሊዮን ዓመት አስኬዷቸው፤ የፕሉቶ ጉዞ ትንበያን የማይቀበል ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳዊው ዣክ ላስካር ምድርን ጨምሮ የውስጠኞቹም ዕጣ ያው መሆኑን አሳየ። የሰጠው ምሳሌ እስካሁን ያስደነግጣል። ዛሬ ምድር ያለችበትን ቦታ ስንለካ በ15 ሜትር ብንሳሳት ከ10 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ስሕተቱ 150 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ምንም አይደለም። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ምድር ከፀሐይ ያላት ርቀት ነውና ምድር ከፀሐይ በየትኛው ወገን እንዳለች እንኳ መናገር አይቻልም። በ2009 ላስካርና ሚካኤል ጋስቲኖ 2,501 የፀሐይ ቤተሰቦችን በኮምፒውተር አዘጋጁ። ሁሉም የእኛው ናቸው፤ አንዱ ከቀጣዩ የሚለየው የሜርኩሪ ምሕዋር ስፋት በ0.38 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ ብቻ ነው። እያንዳንዳቸውን ለ5 ቢሊዮን ዓመት ሲያስኬዷቸው 99 በመቶ ያህሉ በደህና ዘለቁ። በቀሪው አንድ በመቶ ውስጥ የሜርኩሪ ምሕዋር እየሞለለ ሄደ፤ ከዚያም ከቬነስ ጋር መጋጨት ወይም ፀሐይ ውስጥ መውደቅ ተከተለ፤ በአንዱም መናጋቱ እስከ ማርስና ምድር ደርሶ የመጋጨት አደጋ አመጣ። እንግዲህ ከሄኖክ ከዋክብት አጠገብ እነዚህን እናቁማቸው። በሁሉም ያው ሕግ ነው ያለው፤ መነሻቸውም በዓይን አይለይም። በአንዱ ምድር የፀሐይ ዕድሜ እስኪያልቅ ትዞራለች፤ በሌላው ትደቅቃለች። በየትኛውም ውስጥ ያመፀ የለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሱ ከሶፍትዌሩ ይነሣል። በስክሪን ላይ የምናየው ቁጥር እንጂ ስበት አይደለም፤ ታዲያ ትርምሱ የተፈጥሮ ሳይሆን የማሽኑ ቢሆንስ? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፉ ሁሉ የሚያውቁት መሠረት አለው። በጣም ቀላል በሆነው የኦይለር ዘዴ ጊዜ በእርምጃ ይከፋፈላል፤ ፕላኔቷ በያዘችው ፍጥነት ቀጥ ብላ አንድ እርምጃ ትሄዳለች፤ ፍጥነቷም የሚለወጠው በእርምጃው መነሻ ላይ በነበረው ጉተታ ነው። በዚህ ዘዴ የተሠራች ምድር ማንም ሳይነካት ቀስ በቀስ ከፀሐይ እየሸሸች ትሄዳለች፤ ሕጉ በትክክል ተጽፎ ሳለ ስሌቱ ከየትም ያልመጣ ጉልበት ይጨምርላታል። ስለዚህ በስክሪን የታየ ውድቀት ሁሉ የተፈጥሮ ምስክር አይሆንም። ማጣሪያው ግን አለ። የሥርዓቱ ጠቅላላ ጉልበት እንዳይለወጥ ይጠበቃል፤ እርምጃው በግማሽ ሲያጥር ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ይታያል፤ በተለየ ዘዴ እንደገና ይሰላል። የላስካር ውጤት የተገኘው እያንዳንዱን ዙር ሳይሆን የምሕዋሮችን አዝጋሚ ለውጥ በሚያሰላ ዘዴ ነበር፤ ሰስማንና ዊዝደም በ1992 ዙሮቹን አንድ በአንድ አስልተው ወደዚያው ደረሱ። ከኮምፒውተር ውጭም ምስክር ተገኝቷል። በ2017 የወጣ ጥናት በኮሎራዶ ምድር ውስጥ ያሉ የጥንት ባሕር ደለሎችን መርምሮ፣ በምድርና በማርስ ምሕዋሮች መካከል ያለው ግንኙነት ከ85 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን የተለወጠበትን አሻራ አነበበ፤ የትርምሱ ሒሳብ ይሆናል ያለው ዓይነት ለውጥ ነው። ድንጋይ ደግሞ ኮድ አይጽፍም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሁለተኛው ነው። ሕጉ ውጤቱን አይወስንም ማለት ግማሽ እውነት ነው፤ ሕጉ ሌላ ዓይነት ቢሆን የሚዞር ነገር ራሱ ባልኖረም ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ፔሊ በ1802 ባሳተመው “ናቹራል ቲዎሎጂ” ይህን አንሥቷል፤ ሊኖሩ ከሚችሉት የስበት ሕጎች አብዛኞቹ ጉዳት ያመጣሉ፤ የተገኘው የሚበጀው ነው፤ ስለዚህ መራጭ አለ። በጥቂት መስመር የፓይተን ኮድ ይህን መፈተሽ ይቻላል። ስበት በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል የሚለውን 2 ቁጥር ወደ 3 መለወጥ ነው። አሁንም ፕላኔቷን በክብ ምሕዋር ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን በመርፌ ጫፍ እንደቆመ እንቁላል ናት፤ ትንሽ ስትነካ ወይ እየተጠቀለለች ፀሐይ ውስጥ ትወድቃለች፣ ወይ እየተጠቀለለች ትሸሻለች። ጆሴፍ በርትራን በ1873 እንዳረጋገጠው፣ የታሰረ ምሕዋር ሁሉ ተዘግቶ ወደ መነሻው የሚመለስባቸው የመሳሳብ ሕጎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የኒውተን ሲሆን፣ ሌላው ጉተታው እንደ ሞላ ከርቀት ጋር እኩል የሚያድግበት ነው። ፖል ኤረንፌስት በ1917 ደግሞ ሕዋ ከሦስት በላይ አቅጣጫ ቢኖረው የተረጋጋ የፕላኔት ምሕዋር እንደማይኖር አሳየ። ከሁሉ የሚገርመው የሜርኩሪ ነገር ነው። አይንስታይን በኒውተን ሕግ ላይ ያመጣው እርማት የሜርኩሪን ምሕዋር በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሴኮንድ ብቻ ያዞረዋል። ያ ኢምንት እርማት ከሲሙሌሽኑ ሲወጣ ሜርኩሪ የምትናጋባቸው ጉዞዎች ከአንድ በመቶ ተነሥተው ከግማሽ በላይ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ፔሊም በዘመኑ ከተሰጠው ግምት የተሻለ አሳቢ እንደነበር ያሳያል። ግን ምን አረጋገጠ? ሕጉ መዞርን እንደሚፈቅድ። መፍቀድና መጠበቅ የተለያዩ ናቸው፤ ያው ሕግ በ2,501ዱ ውስጥ ደህናዎቹንም የጠፉትንም ፈቅዷል። ከዚህ የሚጠልቅ ችግርም አለ። መራጭ አለ ለማለት መጀመሪያ ምርጫ የቀረበበት ዝርዝር መኖር አለበት። በሲሙሌሽኑ ዝርዝሩ አለ፤ 2 ቁጥርን ወደ 3 መለወጥ የተቻለው ከዚያ ዓለም ውጭ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ዓለም ውጭ በተሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሚጽፍ ነው። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ዝርዝር አላሳየችንም፤ ሌሎቹ ሕጎች ሊሆኑ ይችሉ እንደነበር፣ ዕድላቸውም ምን ያህል እንደሆነ ከምን እናውቃለን? ሶፍትዌሩ ለጥያቄው መልስ የሰጠ ይመስላል፤ በእርግጥ ያደረገው መልሱን ከፕሮግራመኛው ወንበር ተበድሮ ማምጣት ነው። አማኝ በዚህ ብድር ላይ ቤት ባይሠራ ይሻለዋል።

በሌላው ጫፍ የሚቆመው ተከራካሪ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ መነሻው ወሳኝ ነው ካልህ መነሻውም በሳይንስ ተብራርቷል። ኒውተን በ1713 እትሙ ላይ ፕላኔቶች ሁሉ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ገደማ መዞራቸው ከእንቅስቃሴ ሕግ ብቻ ሊመጣ አይችልም ብሎ ነበር። ካንት በ1755፣ ላፕላስ በ1796 ከሚሽከረከር የጋዝ ደመና ሊመጣ እንደሚችል አሳዩ፤ ዛሬ በቴሌስኮፕ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ እንዲህ ያሉ ሳሕን መሰል ደመናዎች ይታያሉ። የቀረውን ጊዜ አጣርቶታል፤ የማይረጋጉት ተጋጭተዋል፣ ወድቀዋል፣ ተወርውረዋል። ጨረቃ ራሷ ከእንዲህ ያለ ግጭት እንደተገኘች በሰፊው ይታመናል፤ ዴቪድ ኔስቮርኒ በ2011 እንዳሳየው አምስተኛ ግዙፍ ፕላኔት ይዘው የሚነሡና እሷን ወደ ውጭ ወርውረው የሚያጡ ሲሙሌሽኖች የዛሬውን የፀሐይ ቤተሰብ ይበልጥ ይመስላሉ። ሥርዓት ብለን የምናደንቀው ከጥፋት የተረፈውን ነው። ይህ ክርክር ከላፕላስ መልስ የበለጠ ኃይል አለው፤ የአማኙን የድሮ ማስረጃ ከሥሩ ይነቅለዋልና። ነገር ግን ደመናውም በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ሽክርክሪት ተነሥቷል። የትኛውም ሲሙሌሽን ባዶ የመነሻ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ይዞ አይነሣም፤ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የምናገኘው ቀድሞ የተሞላ ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ይህን ስል ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ክፍተት ለእግዚአብሔር ማቆየቴ አይደለም፤ ክፍተት ይሞላል፣ በሞላም ጊዜ አምላክን ያባርራል። የምለው ጥያቄው በሰንሰለቱ መጀመሪያ ብቻ የተቀመጠ አለመሆኑን ነው፤ ሰንሰለቱ ባይኖርም ይችል ነበርና እያንዳንዱን ቀለበት ይከተላል። ሕግ አንዱን ሁኔታ ከሌላው ጋር ያያይዛል፤ ይህኛው ሁኔታ ለምን እውን ሆነ ለሚለው ቃል የለውም።

እዚህ ላይ የሶፍትዌሩን ተጠቃሚ ራሱን በፈጣሪ ቦታ ማስቀመጥ ይመጣል፤ ፈላስፋው ኒክ ቦስትሮም በ2003 ባቀረበው ክርክር እኛም በሌሎች ኮምፒውተር ውስጥ የምንኖር ልንሆን እንችላለን ብሏልና። አሳቡ ለወጣቶች ይማርካል፤ በሃይማኖት ሚዛን ግን ቀላል ነው። ተጠቃሚው ሦስት ኮከቦችን አስቀምጦ ምን እንደሚሆኑ አያውቅም፤ ለማወቅ እንደማንኛውም ተመልካች ሲሙሌሽኑ እስኪሄድ ይጠብቃል። ፈላስፋው ቦኤትዮስ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስር ቤት ሲጽፍ፣ የመለኮት እውቀት አስቀድሞ ማስላት ሳይሆን ዘመንን ሁሉ እንደ አሁን ማየት ነው ብሏል፤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ባለ ኮምፒውተሩ ጥቂት ሥልጣን የተሰጠው ፍጡር ነው። ከተጠቃሚው ይልቅ ወደ ነገረ መለኮት የሚቀርበው የማሽኑ አሠራር ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ፕላኔቷ በራሷ የምትስበው ነገር የለም፤ በየእርምጃው አዲሱን ቦታዋን የሚሰጣት ከእሷ ውጭ ያለ ስሌት ነው። በ1111 ያረፈው ኢማም ጋዛሊ ስለ እሳትና ጥጥ የተከራከረው ይህን ይመስላል፤ ጥጡን የሚያቃጥለው እሳቱ ሳይሆን ሁለቱ ሲገናኙ ፈጣሪ ነው አለ። በዚህ አሳብ ሕግ የነገሮች ንብረት መሆኑ ይቀራል፤ የሚደግፋቸው አካል ልማድ ነው። ጋዛሊን መከተል የግድ አይደለም። ሆኖም ሕግ በቂ ነው የሚል ሰው ሕጉ የት እንደሚኖር መናገር እንዳለበት ያስታውሰናል፤ በተጻፈበት ቦታ ተቀምጦ የሚያንቀሳቅስ ቀመር አይታወቅምና።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅና ቄስ ጆን ፖልኪንግሆርን የትርምሱን ሒሳብ ለአማኝ እንደ መልካም ዜና ወስዶት ነበር። መጨረሻው በኢምንት ልዩነት የሚወሰን ከሆነ እግዚአብሔር የተፈጥሮን ሕግ ሳይሽር፣ ማንም ሳያየው የሚሠራበት ቦታ አለ ማለት ነው። በትሕትና የቀረበ አሳብ ነው፤ ግን የኒውተንን ጠጋኝ እጅ ከሰማይ አውርዶ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ደበቀው እንጂ ምን ለወጠ? የክፉ ነገርንም ጥያቄ ያከብደዋል፤ በሚሊ ሜትር ማዳን የሚችል ያላዳነበትን መናገር ይገባዋል። ከዚህ ይልቅ የሚረዳን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈው ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲገድል፣ ክርስቶስ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለውም። ግንቡን የጣለው ስበት ነው፤ ጨረቃንም የያዛት እሱ ነው። የሄኖክ መጽሐፍ ከመስመር መውጣትን ከበደል ጋር ያስተሳሰረበት ቦታ ላይ፣ ወንጌሉ መውደቅንና በደልን ለያያቸው፤ ላስካርና ጋስቲኖ ያስኬዷቸው የፀሐይ ቤተሰቦችም ከዚህ ጋር አይጣሉም። የሚጣሉት ከሌላ ዓይነት ስብከት ጋር ነው፤ ጥፋት የደረሰበትን ሁሉ ሕግ ጥሶ ነው ከሚለው፣ ደህና የከረመውንም ሕግ ጠብቆ ነው ከሚለው ጋር።

ታዲያ አማኝ ስለ ምድር ዙረት ምን ሊል ይችላል? ሕጉ ይጠብቀናል ማለት አይችልም። ሰማይ በሕጉ ምክንያት ከዚህ ሌላ መሆን አይችልም ነበር ማለትም አይችልም። የሚችለው ከሚቻሉት ሁሉ ይህ አንዱ መሰጠቱን አይቶ ማመስገን ነው። የማያምነው በበኩሉ የሆነው ሆኗል፣ የሚመሰገን የለም ሊለው ይችላል፤ በሒሳብ የሚያሸንፈው ሰው አይኖርም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቀረው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው፤ ሲሙሌሽኑ ግን ዳኛ ሊሆንበት አይችልም፤ 2,501 ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶችን ሲያሳየን ከመካከላቸው በእርግጥ የምንኖርበት የትኛው እንደሆነ፣ ለምንስ አንዱ ብቻ እውን እንደሆነ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚሞላ ቦታ የለውም። ይህኛው ዓለም ተሰጥቶናል የሚል ሰው ምስክሩን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት፤ ከመገለጥ፣ ከታሪክ፣ ከሰዎች ሕይወት። እነዚያም የየራሳቸው ተቃውሞና የየራሳቸው ፈተና አላቸው።